የመንግሥት ባንክ፣ የተወረሰ ባንክ፣ የግል ባንክ፦ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

ሚዛን_ተማሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንማርበት የባንክ መጽሐፍ ባንኮችን በሦስት ይከፍላል፦ የመንግሥት፣ የተወረሱ (ናሽናላይዝድ) እና የግል። የግሉ ገብቶኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ሁለቱም የመንግሥት አይደሉም እንዴ? ለምን ይለያሉ? የኢትዮጵያ ንግድ ባንክስ ደርግ የወረሰው ነው ወይስ ድሮም የመንግሥት ነበር? ክፍል ውስጥ ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ ብሎ ሳንስማማ ወጣን። ደግሞ ለሚቆጥብና ለሚበደር ሰው በተግባር የሚለወጥ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ነጋሪት_አንባቢ

በቤት ምሳሌ ልንገርህ። ኪራይ ቤቶች የሚያስተዳድራቸውን ቤቶች አስብ። አንዱን መንግሥት ራሱ አሠርቶታል፤ ሌላው በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከባለቤቱ የተወረሰ ትርፍ ቤት ነው። የሁለቱም ተከራይ የሚከፍለው ለአንድ አከራይ ነው፤ ውሉም አንድ ዓይነት ነው። ካርታውን ወደ ኋላ ስትገልጥ ግን አመጣጣቸው ይለያያል። የመንግሥት ባንክና የተወረሰ ባንክም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱ የመንግሥት ሆኖ ተወለደ፣ ሌላው የሰው ሆኖ ተወልዶ በአዋጅ ወደ መንግሥት ዞረ።

ንግድ ባንክ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። መስመሩ እንዲህ ይሄዳል። በ1935 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። ይህ ባንክ ብር እያሳተመ እንደ ማዕከላዊ ባንክ፣ ከነጋዴ ተቀማጭ እየተቀበለ ደግሞ እንደ ንግድ ባንክ ይሠራ ነበር። ሁለቱን ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ማቆየት አልሆነም፤ ራሱ ተቆጣጣሪ፣ ራሱ ተወዳዳሪ ነበርና። ስለዚህ በ1955ቱ የገንዘብና የባንክ ሕግ ለሁለት ተከፈለና ከታኅሣሥ 1956 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ እና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አክሲዮን ማኅበር ሆኑ። «አክሲዮን ማኅበር» የሚለው ስም አያሳስትህ፤ አክሲዮኑ የመንግሥት ነበር። ስለዚህ ደርግ ንግድ ባንክን አልወረሰም፤ የሚወርሰው ነገር አልነበረውም።

የተወረሱት ሌሎች ናቸው፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም.። ሦስት ንግድ ባንኮች፦ አዲስ አበባ ባንክ፣ ባንኮ ዲ ሮማ (ኢትዮጵያ) እና ባንኮ ዲ ናፖሊ (ኢትዮጵያ)። የመጀመሪያው የአገሬው ሰዎች የመሠረቱት የግል ባንክ ሲሆን የለንደኑ ናሽናል ኤንድ ግሪንድሌይስ 40 በመቶ ድርሻ ነበረው። ሁለቱ የጣሊያን ባንኮች ደግሞ በ1955ቱ ሕግ ምክንያት ቢያንስ 51 በመቶውን ለኢትዮጵያውያን አድርገው እንደ አዲስ የተመዘገቡ ነበሩ።

ሚዛን_ተማሪ

እናመሰግናለን። ታዲያ እነዚህ ሦስቱ አሁን የት አሉ? የዛሬው አዲስ ኢንተርናሽናል ባንክ የድሮው አዲስ አበባ ባንክ ነው የሚል ሰው አለ።

ነጋሪት_አንባቢ

አይደለም። ስም መመሳሰል ብቻ ነው፤ አዲስ ኢንተርናሽናል በዚህ ዘመን የተቋቋመ የግል ባንክ ነው። አቢሲኒያ ባንክም እንዲሁ፤ የ1988ቱ አቢሲኒያ በ1898 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ መርቀው ከከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ ጋር ከስሙ በቀር የሕግ ዝምድና የለውም። ያኛው በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የነበረ፣ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ውል የቆመ ባንክ ነው፤ በ1923 ተዘግቶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተክቷል።

ሦስቱ የተወረሱ ባንኮች መጀመሪያ ተዋህደው «አዲስ ባንክ» ተባሉ። በ1972 ደግሞ አዲስ ባንክ ራሱ በአዋጅ ቁጥር 184 ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ያኔ ንግድ ባንክ 94፣ አዲስ ባንክ 34 ቅርንጫፍ ነበራቸው፤ ድምሩ 128። የቆጣቢው ደብተርም የተበዳሪው ውልም ወደ ተቀባዩ ባንክ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ አንድ ንግድ ባንክ ብቻ ቀረ፤ እስከ 1987 ድረስ።

እንግዲህ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ «ይኸ የተወረሰ ባንክ ነው» ብለህ በጣት የምታሳየው የለም። ጨው ወጥ ውስጥ እንደሚሟሟ ንግድ ባንክ ውስጥ ሟሟ። ከደርግ በኋላ አንዳንድ ቤቶች ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል፤ ባንክ ግን አልተመለሰም።

የሩፒ_ሒሳብ

ጠያቂው መጽሐፍህ ህንድ ውስጥ የታተመ መሆኑን እወራረዳለሁ። ያ የሦስት ክፍፍል የህንድ ነው፤ እዚያ ትርጉም አለው፣ እኛ ጋ ሲመጣ ይደናገራል።

ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1955 የህንድ ስቴት ባንክ በራሱ ልዩ ሕግ ተቋቋመ። ኢምፔሪያል ባንክ የሚባለውን የቀድሞ ባንክ ማዕከላዊ ባንኩ አብዛኛውን ድርሻ ወስዶ ነው የፈጠረው። ከዚያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1969 በኢንዲራ ጋንዲ ጊዜ ተቀማጫቸው ከ50 ክሮር ሩፒ (500 ሚሊዮን) ያላነሰ 14 የግል ባንኮች ተወረሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት የካሣው አሠራር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው፤ መንግሥት ወዲያው ካሣውን አስተካክሎ አዲስ ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ መስፈርቱ 200 ክሮር ሆኖ 6 ባንኮች ተጨመሩ።

የስቴት ባንክ መሠረቱ የ1955ቱ ሕግ፣ የሃያዎቹ ደግሞ የ1970 እና የ1980 የመረከቢያ ሕጎች ናቸው። ስለዚህ የህንድ ፈተና ላይ «ስቴት ባንክ የተወረሰ ባንክ ነውን?» የሚል ማጥመጃ ይመጣል። መልሱ «የመንግሥት ነው፣ ግን በተለምዶ ከተወረሱት ተርታ አይቆጠርም» ነው። በነገራችን ላይ እዚያ «የመንግሥት» ማለት መቶ በመቶ ማለት አይደለም። ከግማሽ በላይ ድርሻ ማለት ነው፤ የቀረው አክሲዮን ገበያ ላይ ይሸጣል ይገዛል።

ቃሉ ህንድ ውስጥ የቆየው ባንኮቹ ስማቸውን፣ ቅርንጫፋቸውን፣ የተለየ ሕጋቸውን ይዘው ስለቀጠሉ ነው። ፑንጃብ ናሽናል ባንክ ከተወረሰ በኋላም ፑንጃብ ናሽናል ባንክ ነው። እኛ ጋ ባንኮ ዲ ሮማ ከተወረሰ በኋላ ባንኮ ዲ ሮማ ሆኖ አልቀጠለም፤ ቃሉም አብሮት ጠፋ።

ቁጥር_ይናገር

ጥሩ ጨምረሃል። አንድ ነገር ልደግፍህ፦ መለያው ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የህንዱ አይዲቢአይ ባንክ ነው። የመንግሥት ነበር፤ የመንግሥት የሕይወት መድን ድርጅቱ 51 በመቶውን ሲገዛው ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2019 «ለቁጥጥር ሥራ የግል ባንክ ነው» ብሎ መደበው። ባለቤቱ ዞሮ ዞሮ መንግሥት ነው፣ ምድቡ ግን የግል። እንግዲህ ተማሪው ባንክ ለመመደብ ሲፈልግ ስሙን ትቶ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ አክሲዮኑን ማን ያዘ? በየትኛው ሕግ ተቋቋመ? የቦርዱን አባላት ማን ይሾማል?

ዕዝል

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ወደ ቤታችን እናምጣቸው።

አክሲዮን። በባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 መሠረት ከፌዴራል መንግሥት በቀር ማንም ሰው ከአንድ ባንክ ጠቅላላ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ይቺ አንድ አንቀጽ የግል ባንኮቻችንን መልክ ወስናለች። አንድ ባለሀብት ባንክ «የእኔ» ሊያደርግ ስለማይችል መሥራቾች በመቶና በሺህ የሚቆጠር ሰው ማሰባሰብ ነበረባቸው። አዋሽ በ1987 ሲቋቋም 486 ባለአክሲዮን እና 24.2 ሚሊዮን ብር ነበረው። በሕጉ 2 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘ ሰው «ተፅዕኖ ፈጣሪ ባለአክሲዮን» ይባላል፤ ቁጥጥሩም ይጠብቅበታል።

መቋቋሚያ ሕግ። ንግድ ባንክ የመንግሥት ልማት ድርጅት ሆኖ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 202/1986 የቆመ ነው። የግሎቹ አክሲዮን ማኅበራት ናቸው፤ በንግድ ሕጉና በባንክ አዋጁ ይተዳደራሉ፤ በር የከፈተላቸው አዋጅ ቁጥር 84/1986 ነው።

ቦርድ። የግል ባንክ ቦርድ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይመረጣል፤ ዕጩ ላይ ክርክር አለ፣ አንዳንዴም ጉባኤው እስከ ማታ ይዘልቃል። የመንግሥት ባንክን ቦርድ ባለቤቱ መንግሥት ይሰይማል፤ ከ2014 ወዲህ ንግድ ባንክ የመንግሥት ድርጅቶችን በሚይዘው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው።

ትርፉም መንገዱ ይለያያል። ሁለቱም የትርፍ ግብር ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ የግሉ ለባለአክሲዮን ያከፋፍላል፤ የመንግሥቱ ወደ መንግሥት ያስገባል፣ ወይም መንግሥት ካፒታል እንዲሆን ይተውለታል።

ጥቁር_ገበያ_አይደለሁም

ይሄ ሁሉ ወረቀት ነው። ዋናው ልዩነት ንግድ ባንክ ደንበኛ መፈለግ አለማስፈለጉ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ፣ የልማት ድርጅት ሒሳብ፣ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ፣ ሁሉም እሱ ጋ ነው።

ዕዝል

ግማሹ እውነት ነው። በ2005ቱ ምዝገባ የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 ቆጣቢ ሁሉ በንግድ ባንክ እንዲቆጥብ ተደረገ። ያ ለባንኩ ርካሽና የማይሸሽ ተቀማጭ ነው፤ ቤት እጣ የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን አያወጣማ። ግን ሌላውንም ጎን እይ። ያ ርካሽ ተቀማጭ ወዴት ሄደ? ወደ ኤሌክትሪክ፣ ስኳር፣ ባቡር፣ ቤቶች ግንባታ። የመንግሥት ባንክ ከባለቤቱ የሚያገኘውን ጥቅም ባለቤቱ በሌላ በር ያስመልሰዋል። የልማት ድርጅቶቹ ብድር ሳይመለስ ሲቀር መጀመሪያ በ2013 የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የተወሰነውን ዕዳ ወሰደ፤ በ2017 ደግሞ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ለባንኩ እንዲሰጥ በፓርላማ ጸደቀ። ቦንድ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። የባንኩ መዝገብ ላይ «የማይመለስ ብድር» የነበረው «ከመንግሥት የሚሰበሰብ» ሆኖ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ግን ቀስ እያለ በዓመታት ነው የሚመጣው።

ቁጥር_ይናገር

የግሎቹም ሸክም ነበረባቸው እኮ። ከመጋቢት 2003 እስከ ኅዳር 2012 ድረስ የግል ባንክ አዲስ ብድር በለቀቀ ቁጥር የብድሩን 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ቢል (ለብሔራዊ ባንክ ገንዘብ የሚያበድሩበት ሰነድ) እንዲገዛ ይገደድ ነበር። ቢሉ የ5 ዓመት ነው፣ ወለዱ 3 በመቶ። የመንግሥት ባንኮች ይህ መመሪያ አልነካቸውም።

ሚዛን_ተማሪ

27 በመቶው ከተቀማጭ ነው?

ቁጥር_ይናገር

አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ከተቀማጭ ቢሆን የመጠባበቂያ ግዴታ ይሆናል። ይኸኛው ግን ከተለቀቀ ብድር ላይ ነው። ልሥራልህ፦

የግል ባንክ ለአንድ ነጋዴ 1,000,000 ብር ለቀቀ እንበል። ነጋዴው ሚሊዮኑን ሙሉ ይወስዳል። ባንኩ ከሌላ ኪሱ 270,000 ብር አውጥቶ ቢል ይገዛል። ማለትም ሚሊዮን ለማበደር 1,270,000 ብር ያስፈልገዋል።

ያ 270,000 ብር በ3 በመቶ በዓመት 8,100 ብር ያስገኛል። የመጣው ግን ከቆጣቢ ነው፤ በጊዜው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ነበር፤ ስለዚህ ለቆጣቢው 13,500 ብር ይከፈልበታል። ልዩነቱ 5,400 ብር በዓመት ኪሳራ ነው። በሚሊዮኑ ብድር ላይ ስትጭነው 0.54 በመቶ። በ2010 መጀመሪያ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ወደ 7 በመቶ ሲወጣ፣ በ3 በመቶ የተገዛው የቆየ ቢል ላይ ክፍተቱ በእጥፍ ሰፋ፤ ያው 270,000 ብር 10,800 ያጎድላል፣ 1.08 በመቶ ማለት ነው። ይህን ማን ከፈለው? ተበዳሪው። «የግል ባንክ ወለዱ ለምን ይወደዳል» ለሚለው የዚያ ዘመን ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው ነበር።

ሌላም ችግር ነበረ። ነጋዴው ብድሩን በዓመት ቢመልስ ቢሉ ግን 5 ዓመት ታስሮ ይቆያል። ባንኩ ያንኑ ሚሊዮን እንደገና ሲያበድር እንደገና 27 በመቶ። የአጭር ጊዜ ብድር የሚያዞር ባንክ ቶሎ ቶሎ ስለሚለቅ ቢሉ ይከመርበታል። ስለዚህ ባንኮቹ ወደ ረዘመ ብድር እንዲያዘነብሉ አደረጋቸው፤ መመሪያው ያሰበው ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሩፒ_ሒሳብ

ሁሉም መመሪያ አድሎ ነው ማለት ግን አይደለም። በነሐሴ 2015 የመጣው የ14 በመቶ የብድር ዕድገት ጣሪያ የመንግሥትና የግል ሳይል ባንኮችን በሙሉ ነው የያዘው።

እማማ_ቆጣቢ

ልጆቼ፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነው። ገንዘቤን የት ባስቀምጥ ይሻለኛል? የመንግሥት ከሆነ አይከስርም ይሉኛል።

ቁጥር_ይናገር

እማማ፣ «መንግሥት አለበት» ማለትና «መንግሥት በሕግ ዋስ ነው» ማለት አንድ አይደሉም። የመንግሥት ልማት ድርጅት በሕግ የራሱ ሰውነት አለው፤ ዕዳው በራሱ ሀብት ልክ ነው። እርግጥ መንግሥት ትልቁን ባንኩን ይጥለዋል ብሎ የሚያስብ የለም፤ እስካሁን ያደረገውም ማንሣት ነው። ግን ይኸ የፖለቲካ ግምት ነው፣ የእርስዎ መብት ሆኖ የተጻፈ አይደለም።

የተጻፈው መብትዎ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ነው፤ በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመ። ባንኩ ቢወድቅ እስከ 100,000 ብር ይሸፈንልዎታል። ልብ ይበሉ፤ የሚቆጠረው በአስቀማጭ እንጂ በደብተር አይደለም። አንድ ባንክ ውስጥ 60,000፣ 50,000 እና 40,000 ያለበት ሦስት ደብተር ቢኖርዎ ድምሩ 150,000 ነው፤ የሚሸፈነው 100,000። አንዱን የ50,000 ደብተር ወደ ሌላ ባንክ ቢያዛውሩት ግን 100,000 እዚህ፣ 50,000 እዚያ፤ ሁሉም ተሸፈነ።

ወለዱን በተመለከተ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ለሁሉም 7 በመቶ ነው። 100,000 ብር ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ 7,000 ያስገኛል፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ሲቀነስ፣ 350 ብር ማለት ነው፣ 6,650 ይቀርዎታል። ከዚህ በላይ እከፍላለሁ የሚል ባንክ ካለ ጥሩ፤ ግን የጊዜ ገደብ ተቀማጭ መሆኑን ይጠይቁ። ገደቡ ሳይደርስ ካወጡት የተባለውን ወለድ ላያገኙ ይችላሉ።

እማማ_ቆጣቢ

ተባረክ። አሁን ገባኝ።

ሐራጅ_ሰሌዳ

የተበዳሪውን ክፍል እኔ ልውሰድ፤ ትልቁ አፈ ታሪክ ያለው እዚያ ነው። «የመንግሥት ባንክ ቤትህን አይሸጥብህም» የሚል ወሬ አለ። ስህተት ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ለመንግሥትም ለግልም ባንክ እኩል ሥልጣን ይሰጣል፦ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ። ውሉ ውስጥ ይህ መብት ተጽፎ ተበዳሪው ፈርሞበታል፤ ሰው ግን ሲፈርም አያነበውም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ብድሩ ሳይከፈል ይቀራል። ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ቀኑ ሲያልቅ የሐራጅ ማስታወቂያ በጋዜጣ ይወጣል፤ የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት ይጻፋል። ተጫራች የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይዞ ይቀርባል። መነሻው 4,000,000 ብር ከሆነ 1,000,000 ብር ሲፒኦ ማለት ነው። ያሸነፈ ቀሪውን ብዙ ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ሲፒኦው አይመለስለትም። የመጀመሪያው ሐራጅ ገዢ ካጣ ሁለተኛ ይወጣል፤ እሱም ካልተሳካ ባንኩ ራሱ ሊረከብ ይችላል።

ማስታወቂያው ላይ ሁለት ስም ለምን እንዳለ ልብ አድርጉ። ተበዳሪና አስያዥ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ለወንድሙ ካርታውን ያስያዘ ሰው ብድሩን አንዲት ሳንቲም ሳይነካ ቤቱ ይሸጥበታል።

ብድር ሲጠየቅ ፋይሉ የሚቆምባቸው ቦታዎች በሁለቱም ባንክ ተመሳሳይ ናቸው። ካርታው ላይ የቆየ ዕግድ ሳይነሣ መቅረት። የትዳር ጓደኛ ፊርማ መጉደል፤ ቤቱ የጋራ ከሆነ አንዱ ብቻውን ማስያዝ አይችልም፣ ያላገባም ያላገባ መሆኑን ማስረጃ ያመጣል። ንግድ ፈቃድ አለመታደስ፤ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ያልታደሰ ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው ቅጣቱን ከፍሎ አሳድሶ ይመለሳል። ግምቱ ደግሞ ሁሌም ያናድዳል፦ የባንኩ መሐንዲስ የሚገምተው ጎረቤት ትናንት በሸጠበት ዋጋ አይደለም፤ ተጣድፎ ቢሸጥ ስንት ያወጣል ብሎ ነው። ከዚያም ላይ የተወሰነውን በመቶ ብቻ ያበድራል።

ጥቁር_ገበያ_አይደለሁም

ታዲያ ልዩነት የለም እያልክ ነው?

ሐራጅ_ሰሌዳ

አለ፣ መጠኑ ላይ። አንድ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ ከካፒታሉ ከ25 በመቶ በላይ እንዳያበድር መመሪያ ይዞታል። ካፒታሉ 5 ቢሊዮን የሆነ የግል ባንክ ለአንድ ሰው ወይም ድርጅት ቢበዛ 1.25 ቢሊዮን ነው። ፋብሪካህ 3 ቢሊዮን ከፈለገ ወይ ባንኮች ተጣምረው ያበድሩሃል፣ ወይ ካፒታሉ ወደሚሰፋው ትሄዳለህ። ለሱቅና ለመኪና ብድር ግን ይህ ጣሪያ አይነካህም፤ እዚያ ላይ የሚለየው ውሳኔው ስንት ጠረጴዛ ያልፋል የሚለው ነው። ቅርንጫፉ በራሱ የሚወስነው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ማመልከቻ ሳታስገባ ጠይቅ። ከሥልጣኑ በላይ ከሆነ ፋይሉ ወደ ዲስትሪክት፣ ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ኮሚቴ ይሄዳል፤ ሳምንታት የሚበላው ይኸ ነው።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ ላለነው ጥያቄ ልጨምር። የኢትዮጵያ ተወላጅ ሆኖ የውጭ ዜጋ የግል ባንክ አክሲዮን መግዛት ይችላል? ድሮ ተከልክሎ የነበረ ይመስለኛል።

ዕዝል

ልክ ነህ፤ የ2000ው አዋጅ ባንክን ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ብቻ ዘግቶት ነበር፤ ፓስፖርት የቀየሩ ባለአክሲዮኖችም ድርሻቸውን እንዲለቁ ታዘዋል። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1159 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሩን ከፈተ። በ2017 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1360 ደግሞ የውጭ ባንኮችንም አስገባ፤ በአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ሰዎች ድርሻ ተደምሮ ከ49 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ። ወረቀትህን ከመሙላትህ በፊት የትኛው ምድብ ውስጥ እንደምትገባና ክፍያው በምን ገንዘብ እንደሆነ ከባንኩ የአክሲዮን ክፍል አረጋግጥ።

አንድ ማሳሰቢያ። የንግድ ባንክ አክሲዮን እሸጥልሃለሁ የሚልህ ካለ ሽሽ። ለሕዝብ የተሸጠ የንግድ ባንክ አክሲዮን የለም። የግሎቹን ግን በሕጋዊው መንገድ ማግኘት ትችላለህ፤ ወጋገን ባንክ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነበር።

ሚዛን_ተማሪ

በጣም ጠቅማችሁኛል። የመጨረሻ፤ ፀደይ ባንክንና ስንቄ ባንክን የት ላስገባቸው? የመንግሥት ናቸው የሚልም የግል ናቸው የሚልም አለ። ደግሞ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የሚባል መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ።

ነጋሪት_አንባቢ

ፀደይ የአማራ ብድርና ቁጠባ፣ ስንቄ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ነበሩ። ከማይክሮ ፋይናንስ ወደ ባንክ ያደጉ ናቸው፤ ቅርጻቸው አክሲዮን ማኅበር ነው፣ ከባለአክሲዮኖቻቸው መካከል ግን የክልል መንግሥት አለበት። በፌዴራል የመንግሥት ባንክ መደብ ውስጥ አይገቡም፤ ያ መደብ ንግድ ባንክንና ልማት ባንክን ነው የሚይዘው። ፈተና ላይ ከመጣ «በሕግ ቅርጹ የግል አክሲዮን ማኅበር፣ በባለቤትነቱ የክልል መንግሥት ድርሻ ያለበት» ብለህ ጻፍ፤ መምህሩ ካልተቀበለህ ወደዚህ ላከው።

ልማት ባንክ ደግሞ የመንግሥት ነው፣ ያልተወረሰ፤ ግን እንደ ንግድ ባንክ ከመንገደኛ ቁጠባ እየሰበሰበ አይወዳደርም። ሥራው የፕሮጀክት ብድርና የማሽን ሊዝ ነው።

ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። አሁን የለም፤ በ2008 በንግድ ባንክ ተጠቀለለ። ከዚያ በፊት ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ይባል ነበር። እሱም የተፈጠረው በደርግ ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን የነበሩ ሁለት የቤት ብድር ተቋማት፣ የቁጠባና የቤት ባለቤትነት ማኅበሩ እና የቁጠባና ሞርጌጅ ኮርፖሬሽኑ፣ በአዋጅ ተጨፍልቀው ነው። አንደኛው ማኅበር፣ ሌላኛው የመንግሥት እጅ ያለበት ኮርፖሬሽን። ስለዚህ «የተወረሰ ነው ወይስ የመንግሥት» ብለው ቢጠይቁህ ከየትኛው ወገን እንደምትቆጥር አስቀድመህ ተናገር።

ሚዛን_ተማሪ

ፈተናው ሐሙስ ነው። ይህን የመጨረሻውን ባይጠይቁኝ ነው የሚሻለኝ።